ከፖቶማክ ዳር ወደ ጉማራ ዳር

ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለተከበሩትና ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬስ ወገብ ተሻላት ወይ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለፋሲካ ስንደዋወል «ዶሮ በየገበያው ሞልቶ ሳለ ዱር ገብታችሁ ወፍ የምታሳድዱት ምን ጎድሎባችሁ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ፣ መልሱን ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ከዚያም በላይ ስለ ወንድሜ የዓሣ መረብ የምለምንዎ አንድ ነገር አለኝ፤ እርሱን በስልክ ለመናገር አፌ አልደፈረልኝም።

ወፉ ተርኪ ይባላል፤ በአገራችን ዱር ውስጥ አይገኝም። ወንዱ ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ይመዝናል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር የሚመስለው ላባው ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መዳብ ያብረቀርቃል። ከደረቱ ላይ የፈረስ ጭራ የመሰለ ጢም ተንጠልጥሎበታል፤ ራሱ መላጣ ሲሆን እንደ ስሜቱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል። ቀን በእግሩ ሲለቅም ይውልና ማታ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። እርስዎ «እንደ ቆቅ ንቁ» ሲሉን ነው ያደግነው፤ ይህ ወፍ ግን ከቆቅም ይብሳል። ዓይኑ ጣት ስትንቀሳቀስ ያያል። አምና አጠገቤ ደርሶ ሳለ ጉንጬ ላይ ያረፈች ትንኝ ለማባረር እጄን ባነሳ፣ ድምፅ ሳያሰማ ጫካው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። «ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ» የሚሉት ነገር የገባኝ ያን ዕለት ነው።

የአደኑ ጊዜ የተከፈተው ሚያዝያ 4 ቀን፣ በሆሣዕና ዋዜማ ነበር። ጾም ስለሆነ እኔ እስከ ፋሲካ ታገሥኩና ሚያዝያ 18 ቅዳሜ፣ በመጋዘን አብሮኝ ከሚሠራ አንድ የዚህ አገር አዛውንት ጋር ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ወጣሁ። እኚህ ሰው ለእኔ እንደ አባት ናቸው፤ የአዳኝነት ትምህርቱን እንድወስድ ያደረጉኝም እርሳቸው ናቸው። ትምህርቱን ሳይወስዱ ለመጀመሪያ ጊዜ መደበኛ ፈቃድ ማውጣት አይቻልም፤ በመንግሥት ደን ለማደን ደግሞ ሌላ የፈቃድ ወረቀት ይጨመርበታል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መኪናውን አቁመን ያለ መብራት ዳገቱን ወጣን። ከትከሻችን የሚሰፋ ወርካ የሚያህል የባሉጥ ዛፍ መርጠን፣ ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። ይህ ለመደገፊያ ብቻ አይደለም፤ ሌላ አዳኝ ከኋላ ቢመጣ ግንዱ ይከልላል። በዚያው ምክንያት ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ነገር መልበስ ክልክል ነው ይላሉ ሽማግሌው፤ የወፉ ራስ መልክ ስለሆነ ሰው በስሕተት ሊተኩስ ይችላልና።

ጎህ ሊቀድ ሲል አዛውንቱ በአፋቸው እንደ ጉጉት ጮኹ። ወንዱ ተርኪ ከዛፉ ላይ ሳይወርድ የጉጉት ድምፅ ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትምና ከገደሉ ማዶ መለሰ። ጩኸቱ ሸለቆውን ሁሉ ሞላው፤ አባዬ፣ ሰውነቴን ነዘረኝ። ከዚያ ከጥድ እንጨት የተሠራች ትንሽ ሣጥን አወጡ። ክዳኗን ጠመኔ ቀብተው በጠርዟ ላይ በቀስታ ሲፍቁት የሴቷን ድምፅ ትሰጣለች። ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። በተፈጥሮ ልማዱ ወንዱ ይጮኻል እንጂ ወደ ሴቷ አይሄድም፤ ሴቷ ናት ወደ እርሱ የምትሄደው። አዳኙ ያን ልማድ ገልብጦ «ና» ይለዋል። ወፉ ስለሚጠረጥር አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ያዳምጣል። አብዝተው ቢጠሩት እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝም ቢሉት ይሄዳል። መቼ መጥራት፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ ማወቅ ዓመታት ይፈጃል።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። መጀመሪያ ያየሁት በቁጥቋጦው መካከል ብልጭ ያለ ነጭ ራስ ነበር፤ ቀጥሎ ጭራውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ፣ ክንፉን መሬት ላይ እየጎተተ ወጣ። ከደረቱ የሚወጣው ድምፅ ሩቅ የሚመታ ከበሮ ይመስላል፤ ከጆሮ ይልቅ በሆድ ይሰማል። ሠላሳ ሜትር ያህል ሲቀረው ጢሙን አይቼ አረጋገጥሁና ተኮስኩ። እማዬ መጀመሪያ የምትጠይቀኝን ስለማውቅ ልንገራት፦ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼ፣ በስመ አብ ብዬ በራሴ ቢላዋ አርጄዋለሁ፤ ደሙም ፈስሷል። ሚስቴም እንደ ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት አወጣችው። ጭኑ ጥንካሬ ስላለው ቁሌቱ ላይ ብዙ ሰዓት ቆየ እንጂ፣ ወጡስ ምን ይወጣለታል! ጎረቤት ያሉትን የአገር ልጆች ጠርተን በላን።

ጢሙን አረጋገጥሁ ያልኩት በከንቱ አይደለም። በጸደይ ጢም የሌለውን ተርኪ መግደል ሕጉ አይፈቅድም፤ ጢም የሚያወጣው ደግሞ፣ ከጥቂት ሴቶች በስተቀር፣ ወንዱ ነው። ሴቷ በዚህ ወራት መሬት ላይ ጎጆ ሠርታ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዕንቁላል ትጥልና ሃያ ስምንት ቀን ትታቀፋለች። አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚራባ ከወንዶቹ ጥቂት ቢነሡ ዘሩ አይጎድልም፤ አንዲት ሴት ብትሞት ግን ያ ሁሉ ጫጩት አብሯት ይሞታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የተገኘ ሰው ይቀጣል። እህል በትኖ መጠበቅና ድምፅ በመሣሪያ ማጫወት ክልክል ነው። በቀን ከአንድ፣ በዓመት ከሦስት በላይ አይፈቀድም፤ የገደሉትንም ያኑ ዕለት ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ ብዬ አዛውንቱን ጠየቅኋቸው። በአያቶቻቸው ዘመን ደኑ ተጨፍጭፎ፣ ወፉም ያለ ገደብ ለገበያ ተገድሎ ከብዙ ክፍላተ ሀገር ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ሕግ ወጣ፤ ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ 11 በመቶ ቀረጥ እየተሰበሰበ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ብቻ እንዲውል አዘዘ። እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ እኔም አንዲት ጥይት ስገዛ እከፍላለሁ። በጓሮ የረባውን ተርኪ ወደ ዱር ቢለቁት አልሆነም፤ ቀበሮ ጨረሰው። የተሳካው ከተረፈው የዱር ወፍ በመድፍ በሚወረወር መረብ እየያዙ ወደ ጠፋበት ሲያዛውሩት ነው። ዛሬ ከአላስካ በቀር በ49ኙ ክፍላተ ሀገር ይገኛል።

አሁን ወደ ዓሣው ልምጣ፤ የደብዳቤዬም ዋና ነገር እርሱ ነው። በሁዳዴ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ፍሌቸርስ ኮቭ ከሚባለው ቦታ እወርድ ነበር። በዚያ ወራት ሻድ የተባለው ዓሣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ ሊራባ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ባሕር ውስጥ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት ኖሮ የሚመለሰው ወደ ተወለደበት ወንዝ ነው። ጀርባው ሰማያዊና አረንጓዴ ቅልቅል፣ ጎኑ ብር፣ ከጆሮ ግንዱ ኋላ ጥቁር ነጥብ ያለበት ነው። ቅርፊቱ በቀላሉ ይረግፋል፤ ስለዚህ እጄን አርጥቤ፣ ከውኃው ብዙም ሳላወጣ መንጠቆውን ነቅዬ እለቀዋለሁ። አንዱን ስለቀው ለአፍታ መዳፌ ላይ ቆሞ ሲተነፍስ ቆየና ጭራውን አንዴ መትቶ ሄደ። እንደ እኔ ዳርቻው ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየያዘ ይለቃል፤ ይዞ መሄድ አይፈቀድምና።

ይህም ወንዝ ድሮ ዓሣ ይጎርፍበት የነበረ ነው። በመረብ አብዝተው ስለያዙት፣ ግድብ መንገዱን ስለዘጋበት፣ የከተማው ፍሳሽም ውኃውን ስለበከለው ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ1982 ከፖቶማክ ሻድ አጥምዶ ይዞ መሄድ ተከለከለ። በኋላ ጫጩቶቹን እያፈሉ ለቀቁ፣ በግድቡም ላይ ማለፊያ አበጁለት፤ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ክልከላው ግን አርባ ዓመት አልፎት አሁንም አልተነሣም።

አባዬ፣ እዚያ ቆሜ የማስበው ጉማራን ነበር። ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣው ከጣና ተነሥቶ በጉማራና በርብ ሽቅብ ሲወጣ፣ እርስዎ በታንኳ ወስደው ያሳዩኝ የለም? ውኃው በዓሣ ጀርባ ይታመስ ነበር። ያ ዓሣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር ሌላ ቦታ የማይገኝ ዘር ያለው ነው። አሁን ግን ወንድሜ በየስልኩ «መረቡ ባዶውን ይወጣል» ይለኛል። መረቡ የሚዘረጋው ደግሞ ልክ በወንዙ አፍ ላይ፣ ዕንቁላሏን የተሸከመችው በምትገባበት በር ላይ ነው። ከላይ ደግሞ ብርብራ ወቅጠው ውኃው ውስጥ የሚበትኑ አሉ፤ ያ ትልቁንም ትንሹንም አብሮ ይፈጃል።

ወንድሜን አልወቅሰውም፤ ልጆች አሉት፣ ዓሣው ሲመጣ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ እንዲህ ያድርግ ብዬ እለምናለሁ፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ መረቡን ከጉማራ አፍ ያንሣ፤ በሐይቁ ላይ ቀረሶና አምባዛውን ይያዝ። በእነዚያ ሦስት ወራት የሚጎድልበትን እኔ በየወሩ እልክለታለሁ፤ ከሚስቴ ጋር ተመካክረናል። ለጎረቤቶቹ ግን እኔ ብናገር «ከአሜሪካ ሆኖ ያዝዘናል» ይላሉ፤ እርስዎ በሰንበቴው ላይ ቢያነሡት ይሰማሉ፤ በዚያ ወንዝ ላይ ከእርስዎ የሚበልጥ ዓሣ አጥማጅ የለምና።

በሚመጣ ሰው እጅ ለእርስዎ ጠንካራ መንጠቆና ክር፣ ለእማዬ የወገብ መቀነት ልኬያለሁ። ወንድሜ ምን እንዳለ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ያስታውቁኝ፤ የመጀመሪያውን ወር ገንዘብ ሐምሌ ሳይገባ እንዲደርሰው አደርጋለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ