ተድላ ጓሉን ምን ብለን እንጥራው?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በለኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። የመጨረሻው ደብዳቤህ አሁንም ፊቴ ነው። «በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የተነሣውን የጎጃሙን ደጃች ተድላ ጓሉን ሽፍታ ብዬ ልጻፈው ወይስ ለሕዝብ የታገለ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ቢዘገይም መልሴ ይኸው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ዛሬ ሽፍታ ሲባል መንገደኛ የሚገፍፍ ሰው ነው ትዝ የሚለን። በዚያ ዘመን ግን «እገሌ ሸፈተ» ማለት ከጌታው ተጣልቶ ዱር ቤቴ አለ ማለት ነው፤ ከዙፋኑ ጋር ያለውን ነገር ይነግርሃል፣ በዱር ምን እንደሚሠራ ግን አይነግርህም። ለሥራው ቀማኛ፣ ወንበዴ የሚባል ሌላ ቃል ነበረ። ሳይቀማ የሚሸፍት አለ፤ ሳይሸፍት የሚቀማም አለ። ይሄኛው እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሹመት አለው።

ሽፍትነት መንገዱ የታወቀ ነው። ርስት የተነጠቀ፣ ደም ያለበት ወይም ሹመት የተነፈገ ሰው ዘመዱንና አሽከሩን ይዞ ቆላ ይወርዳል። ጎጃም ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ አገር ነው። ዓባይ በሦስት ወገን ከቦታል፣ ሸለቆው ገደልና ዋሻ ነው፣ ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና ከማዶ የሚመጣ ጦር መሻገሪያ ያጣል። ችግሩ እህል ነው። የሸፈተ ሰው አያርስም፤ ተከታይ በጨመረ ቁጥር የሚበላ አፍ ይጨምርበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚነካው ነጋዴውን ነው። አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ባሶ ገበያ የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። ኬላ ጠባቂው ከጭነቱ አሞሌ ያወርዳል፤ ሽፍታውም ከዚያው ጭነት አሞሌ ያወርዳል። ጠባቂው ከወሰደው ላይ ለጌታው ያካፍላል፤ ለነጋዴው ግን ሁለቱም ከአንድ ጭነት የጎደሉ ናቸው።

ነገሩ የሚበላሸው ነጋዴው መንገድ ለውጦ ሲሄድና ሽፍታው ወደ ገበሬው ሲዞር ነው። ገበሬ ከጎተራው ጥቂት ቢጎድልበት ችሎ ያልፋል፤ አገረ ገዥም ያጎድልበታልና ለምዶታል። ዘሩና የእርሻ በሬው ከተወሰደ ግን የከርሞ አዝመራ የለም። ያን ጊዜ ዋሻውን ለሹሙ የሚጠቁመው ራሱ ገበሬው ይሆናል።

የቋራው ካሳ ኃይሉ ይህ ገብቶት ነበር። በቆላ ሳለ ከዘረፈው ለገበሬው እያካፈለ ማረሻ እንዲገዛበት ይሰጥ እንደነበር ይነገርለታል። ያኔ አገሩን ይገዙ የነበሩት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ አሊም የዘመኑን ደንብ ተከትለዋል፦ ያልተቻለ ሽፍታ ይታረቃል፣ ይዳራል፣ ይሾማል። የአሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። አልበቃውም፤ እንደገና ሸፍቶ በ1839 ዓ.ም. መነንን ራሳቸውን ማረከ። ከዚያ በ1845 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ኅዳር ላይ ጉራምባ የኛን የጎጃሙን ደጃች ጎሹ ዘውዴን፣ ሚያዝያ ላይ ጎርጎራ ብችኝ የአሊን ጦር፣ ሰኔ ላይ እዚሁ ጎጃም አይሻል ላይ ራሱን አሊን ድል አደረገ። ጉራምባ ላይ ከጎሹ ወገን የነበረው አዝማሪ በግጥም ሲያላግጥበት ነበር፤ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለም ይሰደብ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ካሳን ወንበዴ የሚል አፍ ምን ይገጥመው እንደነበር አንተ ታውቀዋለህ።

ንጉሥ ሲሆን ግን ያው የእህል ችግር ተከተለው፣ ያውም በብዙ እጥፍ። ጦሩን በገበሬ ቤት ከማሳደር ይልቅ በደመወዝ ሊያኖር አሰበ፤ ገንዘቡ አልተገኘም። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል አለ፤ ካህናቱ ከዳተኛ ሆኑበት። ተድላ ጓሉ ጎጃምን ይዞ የሸፈተው በዚህ መሐል ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1863 እንጅባራ ላይ ተሸንፎ ወደ ጅበላ አምባ ሲያፈገፍግ፣ የተማረኩበትን ሰዎች ቴዎድሮስ ፈጃቸው። የአገራችን ሰው እንጅባራን የሚረሳው አይመስለኝም። ከዚያ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተቃጠለች፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንብረት ተዘረፈ፤ ጦሩም የበጌምድርን ገበሬ ጎተራ እያራቆተ ኖረ። በሞቱ ዋዜማ ንጉሡና የቋራው ሽፍታ ቦታ ተለዋውጠው ነበር፤ ያውም ሽፍታው ለገበሬው ይሻል ነበር።

በነገራችን ላይ በዚያው በፈረንጆቹ 1863 ጣሊያን ውስጥ ፒካ የሚባለው ሕግ ወጥቶ፣ በደቡብ የሸፈተውን ሁሉ ወንበዴ ብሎ ለጦር ፍርድ ቤት ሰጠው። እዚያ ካርሚኔ ክሮኮ የሚባል ሽፍታ ነበረ፤ ምሕረት አገኛለሁ ብሎ ጣሊያንን አንድ ለማድረግ ከሚዋጋው ከጋሪባልዲ ጋር ዘምቶ፣ ምሕረቱ ሲቀርበት ለተሻረው የደቡብ ንጉሥ፣ ለቡርቦኑ፣ ሸፈተ። የእነሱ መንግሥት በሕግ የጨረሰውን የእኛው በእርቅ ይሞክረው ነበር። በእኛ አገር ለእርቅ የሚገባ ሽፍታ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ጌታው ፊት ይደፋ ነበር፤ ጌታው «ማርሁህ» ካለው ድንጋዩ ይወርድለት፣ ብዙ ጊዜም ሹመቱ ይመለስለት ነበር። ምኒልክም በ1870 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ የገቡት ድንጋይ ተሸክመው ነው።

እንግዲህ ተድላ? አብዮተኛ አትበለው። አዲስ ሥርዓት አላመጣም፤ የፈለገው ጎጃምን የጎጃም ባላባት እንዲገዛው ነው። ወንበዴም አትበለው፤ ያ የቴዎድሮስ ቃል ነው። ስም ከመስጠት ግስ ጻፍ፦ «ሸፈተ»። ቀጥለህ ከማን ምን እንደወሰደ፣ ለማን እንዳበላ ዘርዝር፤ ፍርዱን ለአንባቢ ተውለት። የጎጃሙ አዳል ተሰማም የተድላን ልጅ ደስታን አስወግዶ ነው በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባለው፤ ለእሱ ሌላ ቃል ልትፈልግለት ነው?

ዓመተ ምሕረቱን ግን ተጠንቀቅ። ረቂቅህ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ጉራምባን 1852፣ አይሻልን 1853 ብለህ የሁለት ዓመት ዘመቻ አስመስለኸዋል። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 1845 ናቸው፤ አንድ በጋ ነው። አርመህ ላክልኝ፣ ደግሞ እንደ እኔ አትቆይ።

ወንድምህ፣
ከደብረ ማርቆስ