አብሽሪ፣ ልጄ

ያ ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ትንሽ ተሽሎታል።

ባለፈው ስልክ ላይ ስትስቂ ሰማሁሽ። እንደ ልጅነትሽ ትን እስኪልሽ ሳቅሽ። ከዚያ ድንገት ዝም አልሽና "አፉ በይኝ እማ" አልሽኝ። ምን አጠፋሽና ነው አፉ የምልሽ? ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ይህን የምጽፍልሽም ለዚሁ ነው።

ያሳለፍነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። በ2013 አንበጣው ማሽላችንን በላው። በዓመቱ፣ ጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። አንቺ ከሰዉ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድሽ፣ እኔ ከአባትሽ ጋር ቀረሁ። እስከ ኅዳር መጨረሻ መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ። የአባትሽ የስኳር መርፌ ያለቀው ያኔ ነው። ባዶዋን ብልቃጥ እያነሳ ወደ መስኮቱ ይዟት ይሄድና ያገላብጣት ነበር፤ ጠብታ ቀርታ እንደሆነ ብሎ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

እሱን ከቀበርን ወዲህ ዱዓዬ አንድ ብቻ ነበር። "ያ ረቢ፣ ይቺን ብቻ አሳልፈን።" ደስታ መለመን ነውር መሰለኝ። እሱ አፈር ለብሶ እኔ ደስታ ልጠይቅ?

ባለፈው ሐሙስ ለዱዓ ተሰብስበን እኛ ቤት ወዳጃ ነበር። ቄጠማው ተጎዘጎዘ፣ ዕጣኑ ጨሰ። አጥር የምንጋራቸው እማማም እንደ ድሮው መጥተው ቡናውን ራሳቸው አፈሉ። ቶናው ላይ ደርሰን ሳለ እንዲህ አሉ፦ "በእኛ ዳዊት ሙሴ የጸለየው አለ። መከራ ባየንባቸው ዓመታት ፋንታ ደስ አሰኘን ብሎ ነው የለመነው።" ስኒዬን ይዤ ቀረሁ። ነቢዩ ሙሳ እንኳ የመከራውን ዓመት ቆጥሮ ደስታ ከጠየቀ፣ እኔ ምን አሳፈረኝ?

ሼኹም ቀጠሉ። እኛ ወሎዬዎች ለታመመውም ለተሰደደውም "አብሽር" እንላለን አይደል? እኔ "አይዞህ" ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ለካ "በመልካም ዜና ደስ ይበልህ" ነው።

ተነሳሁና የአባትሽን ድቤ ከማጀት አወጣሁ። አቧራው ጣት ያሰጥማል። ቆዳው ላልቶ እንደ ጆንያ ነው የሚጮኸው። ልጆቹ ከምድጃው ዳር አስጠግተው አሞቁት። ቀስ እያለ ከረረ። መጀመሪያ ሲመታ ደረቴ ውስጥ ነው የሰማሁት። አለቀስኩ። ከዚያ እጄን ዘርግቼ "ያ አላህ፣ ልጄን አስቃት፣ እኔንም አስቀኝ" አልኩ። ቤቱ በሙሉ "አሚን!" አለ። የእማማ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

ሁሉም አልፏል አልልሽም። ዛሬም መንገድ ሲዘጋ፣ ተኩስ ሲሰማ ሆዴ ይባባል። ግን ኒካሁን "ትንሽ ይቆይ" ያልሽው ለአባትሽ ሐዘን ብለሽ ከሆነ፣ በቃ። እሱ ላንቺ ሰርግ ድቤ ሊመታ ሲመኝ ነው የኖረው።

ድቤውን ወደ ማጀት አልመለስኩትም። ራስጌዬ ሰቅየዋለሁ።

ደግሞ ቶሎ ደውይልኝ። ምን እንዳሳቀሽ እኮ ሳትነግሪኝ ነው የዘጋሽው።

እናትሽ