«ሁሉም ምግባችን አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል» የሚለውን ጽሑፍ ማተም ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለምግብ ቤቶቻችሁ የምግብ ዝርዝርና የማሸጊያ መለያ ስናትም ቆይተናል። ብዙዎቻችሁ ከዝርዝሩ ግርጌ በትናንሽ ፊደላት እንዲገባ የምትጠይቁን አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «ሁሉም ምግባችን አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች ሊኖሩበት ይችላል።» ከዚህ ሌላ የአለርጂ መረጃ የሌለውን ትዕዛዝ ከእንግዲህ አንቀበልም። ምክንያታችንን የማወቅ መብት አላችሁ።

ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሾርባ ኦቾሎኒ ገብቶበት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው። ሁሉም ምግብ ያሰጋል ከተባለ ወይ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ወይ ማስጠንቀቂያውን ስለለመደው ችላ ብሎ ይበላል። እኛን የሚያስፈራን ሁለተኛው ነው።

ሕጉም እንዲህ ባለው ጽሑፍ አይረካም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ምግብ ቤቶችም ጭምር 14 አለርጂ ቀስቃሾችን በየምግቡ ለይተው ማሳወቅ አለባቸው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የማይጠረጥራቸው ሰናፍጭ፣ ሴለሪና ግብጦ ይገኙበታል። ዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ ለታሸጉ ምግቦች ባወጣችው ሕግ 8 የነበሩትን እ.ኤ.አ. በ2023 ሰሊጥን ጨምራ 9 አድርጋለች። ዝርዝሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የሌላ አገር ምግብ ቤት ያሠራውን መለያ አምጥታችሁ «ይህንኑ አትሙልን» አትበሉን። መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ ምግቡ የት እንደሚሸጥ ነው።

መለያ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ግን ከታተመ በኋላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከደንበኞቻችን አንዱ የሰላጣ ማጣፈጫው ሰናፍጭ እንደሌለው የሚገልጽ ካርድ አሳትሞ ነበር። የለመደው ማዮኔዝ ከገበያ ሲጠፋ ሌላ ገዛ፤ የአዲሱ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ሰናፍጭ ተጽፏል። ይህን ያስተዋለችው ዕቃ የምትደረድር ሠራተኛ ናት፣ እርሷም እስክታየው ሦስት ሳምንት አልፏል። ማንም አልተጎዳም። ካርዱን ያተምነው ግን እኛ ነን፤ የትዕዛዝ ቅጻችን የምግቡን ስም እንጂ የገባበትን ማዮኔዝ ዓይነት አይጠይቅም ነበር። አሁን ይጠይቃል። ወጥ፣ ማባያ፣ የቅመም ድብልቅና የተዘጋጀ ሊጥ በውስጣቸው ሌላ ዝርዝር ስለያዙ፣ የእያንዳንዱን ማሸጊያ ጀርባ ፎቶግራፍ እንድትልኩልን እንለምናለን።

በማሸጊያ ላይ የማይጻፍም አለ። ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት ድንች ከተጠበሰ፣ ድንቹ ሽሪምፕ ለማይስማማው ሰው አያስተማምንም፤ የዘይቱ ሙቀት አደጋውን አያስወግደውም። የእጅ ማጽጃ አልኮልም ጀርም ይገድላል እንጂ የኦቾሎኒ ቅሪት አያነሣም፤ የሚያነሣው ሳሙናና ውኃ ነው። ይህን ሁሉ አጣርታችሁ መነካካቱን መከላከል ካልቻላችሁ፣ ያን ጊዜ «ሰሊጥ ሊኖርበት ይችላል» ብለን ቀስቃሹን በስሙ ጠርተን በደስታ እናትማለን።

ሁለት ቃላት ላይ ግን እንከራከራችኋለን። «ላክቶስ የሌለው» ወተት የወተት ስኳሩ (ላክቶሱ) ቢወጣለትም የወተት ፕሮቲን አለው፤ ስለዚህ «ወተት የለውም» ብለን አንጽፍበትም። «ከግሉተን ነፃ» የሚለው ደግሞ (ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው) በአውሮፓ ኅብረትም በዩናይትድ ስቴትስም ልክ የተቀመጠለት ቃል ነው፦ በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ። ስንዴ አለማስገባት ብቻውን ይህን አያረጋግጥም፤ ወንፊት ላይ የቀረ የስንዴ ዱቄት ብናኝ ልኩን ለማሳለፍ ሊበቃ ይችላል። ይህን ቃል የምናትመው የምርመራ ውጤት ስታሳዩን ነው።

ከሚቀጥለው ትዕዛዝ ጀምሮ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ግብዓቱ የተረጋገጠበት ቀን ይታተማል። ግብዓት በቀየራችሁ ቀን ንገሩን፤ የማረሚያውን ተለጣፊ በማግስቱ ያለ ክፍያ እናደርሳለን። እስኪደርስ ድረስ የድሮውን ካርድ ከጠረጴዛ አንሡ። አስተናጋጆቻችሁም ሲጠየቁ እርግጠኛ ካልሆኑ ገምተው እንዳይመልሱ፣ ወጥ ቤት ገብተው ጠይቀው እንዲመለሱ አደራ እንላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የመለያና የምግብ ዝርዝር ዝግጅት ክፍል