ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ ስለተቆረጠብኝ የ1953 የቤዝቦል ካርድ

ለፍሬም ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ካርዴን ልወስድ ስመጣ እርስዎን አላገኘሁዎትም። ስለዚህ የሆነውን በጽሑፍ ላስረዳዎት።

ፍሬም እንድትሠሩለት የሰጠኋችሁ የታዋቂው የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ የሳቸል ፔጅ ካርድ ነው። የካርድ አሳታሚው ኩባንያ ቶፕስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያተመው፣ ቁጥር 220። የተመለሰልኝ ግን ዙሪያውን ተከርክሞ ነው። ሠራተኛችሁን፣ ልጁን፣ ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቀው «የካርዱ መያዣ ፕላስቲክ ውስጥ አልገባ ሲለኝ ትንሽ አስተካከልኩት» አለኝ።

የዚያን ጊዜ የቶፕስ ካርዶች ከዛሬዎቹ ይበልጣሉ። ቁመቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 6.7 ገደማ ነበር። ወደ አሁኑ መጠን ያነሱት በ1957 ነው። ለትልቁ የሚሆን ፕላስቲክ ደግሞ ይሸጣል። ከሌላችሁ ብትደውሉልኝ እኔው ገዝቼ አመጣ ነበር። ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ።

ልጁ «ስሙም ተሳስቷል፣ ኮፒ መስሎኝ ነው» ብሎኛል። እውነት ነው፣ ሳቸል የሚለው መጨረሻ ላይ አንድ ኤል ተርፎ ታትሟል። ስህተቱ ግን የራሱ የቶፕስ ነው፤ ዋናው ካርድ እንዲያ ነው።

ካርዱን የሰጡኝ ጎረቤቴ የነበሩ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ቤዝቦልን በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ፔጅን ጥቁር በመሆኑ ብቻ ትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ የወጣትነት ዕድሜውን ሙሉ በሩን ዘግቶበት ኖረ። የክሊቭላንድ ቡድን ያስፈረመው በ1948 ነው፣ ልክ 42 ዓመት በሞላው ቀን። በዚያች ግማሽ የውድድር ዘመን 6 ጨዋታ አሸንፎ 1 ብቻ ተሸነፈ። ክሊቭላንድም ዋንጫውን በላ። የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ በሆነው በዎርልድ ሲሪስ የወረወረ የመጀመሪያው ጥቁር ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) እሱ ነው። በ1965 ደግሞ፣ በ59 ዓመቱ፣ ለካንሳስ ሲቲ ቡድን 3 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሮ አንድ ነጥብ እንኳ አልተቆጠረበትም። አዛውንቱ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር። አወራወሩን ሊያሳዩኝ። ዛሬ በሕይወት የሉም።

የፍሬሙን ገንዘብ እንመልስልህ ተብያለሁ። ይሄ አይበቃም። የተከረከመ ካርድ የካርድን ጥራት መርምረው ደረጃ ለሚያወጡት ድርጅቶች ቢላክ የደረጃ ቁጥር አይሰጡትም፣ ዋጋውም በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ሳታስፈቅዱኝ መቁረጣችሁን በጽሑፍ እመኑልኝ። የቀነሰውን ዋጋ ሁለታችንም የምንስማማበት ገማች ይንገረንና ክፈሉኝ። ከእንግዲህም የሰው አሮጌ ነገር ላይ መቁረጫ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

ልጁ በዚህ የተነሳ ከሥራው እንዲወጣ አልፈልግም። ያልነገሩትን ከየት ያውቃል?

የተቆረጠው ጠርዝ ካልተጣለ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ አስቀምጡልኝ። ዓርብ ከሥራ ስወጣ፣ ወደ 11 ሰዓት ላይ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ