ዛፍ ሸንጎ ተቀምጦ አይመክርም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። ስለ ደኖች የጻፍሽውን የትምህርት ቤት ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። አንዲት ዓረፍተ ነገርሽ ግን አልተዋጠችልኝም። «ዛፉ ቅዝቃዜውን ለማሸነፍ ብሎ ቅጠሉን መርፌ አደረገው» ብለሻል። ዛፍ እኮ ሸንጎ ተቀምጦ አይመክርም!

ነገሩ የተደባለቀብሽ ይመስለኛል። አንድ ዛፍ በራሱ ዕድሜ የሚያሳየው ለውጥ አለ። ከአንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አናት ላይ አንድ ቅጠል፣ ከታችኛው ቅርንጫፍ ደግሞ ሌላ ቆርጠሽ ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ፀሐይ ሲመታው የከረመው ጠበብና ወፈር ያለ ነው፤ ጥላ ውስጥ ያደገው ሰፊና ስስ ነው፣ የምትደርሰውን ጥቂት ብርሃን ለመቀበል ተዘርግቷል። የአንድ ዛፍ ቅጠሎች መሆናቸውን ለማመን ያስቸግራል። ነፋስ አዘውትሮ የሚወዘውዘው ዛፍም ቁመቱ አጠር፣ ግንዱ ወፈር ይላል። ይህን «ዛፉ ራሱ አደረገው» ብትዪ አልከራከርሽም።

እንደ መርፌ የቀጠነው ቅጠል ግን ከዚህ ይለያል። እሱን ያመጣው የብዙ ሺህ ትውልድ ሞት ነው፦ ለቦታው ያልተስማሙት ዘር ሳይተኩ ጠፉ፣ የተስማሙት ተባዙ። መልሱም አንድ ብቻ አይደለም። በሳይቤሪያ ብዙዎቹ የጥድ ዘመዶች መርፌያቸውን በብርዱ ወራት ይዘው ይቆያሉ፤ ላርች የተባለው ግን በየዓመቱ ያራግፈዋል። ብርዱ ያው አንድ ብርድ ነው።

ዛፍ አለማሰቡን በደንብ የሚያሳየው የካሊፎርኒያው ግዙፍ ሴኮያ ነው። ቅርፊቱ ግማሽ ሜትር ያህል ሊወፍር ስለሚችል ተራ የደን እሳት አይገድለውም። ፍሬው ደግሞ ዘሩን እንደቆለፈ እስከ 20 ዓመት ዛፉ ላይ ሊቆይ ይችላል። የእሳቱ ሙቀት ሲያደርቀው ይከፈትና ዘሩ ይረግፋል፤ የሚያርፈውም እሳቱ ቅጠሉንና ጭራሮውን ጠርጎ ባራቆተው አፈር ላይ ነው። ሰዎች ደኑን እንጠብቅ ብለው ለብዙ ዓመታት እሳት ሲከለክሉ ችግኙ ጠፋ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ የፓርኮቹ ጠባቂዎች ራሳቸው በቁጥጥር ሥር ማቃጠል ጀመሩ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 የተነሳው እሳት ከለመደው እጅግ የበረታ ነበርና በሺህ የሚቆጠሩ ትልልቅ ሴኮያዎችን ገደለ። ያ ወፍራም ቅርፊት የተሠራው ላለፉት ዘመናት እሳት ነው፤ ለሚመጣው የተዘጋጀ ነገር የለውም።

ስለ ዝናብ ደን በጻፍሽው ላይ አንድ ነገር ጨምሪበት። ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ መሬት የሚደርሰው ብርሃን ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንዳንድ ችግኞች እዚያው ጥላ ውስጥ ለዓመታት እምብዛም ሳያድጉ ይቆያሉ፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ሰማዩ ሲከፈት ሽቅብ ይመነጠቃሉ። ዕድሜያቸውን በቁመታቸው የገመተ ሰው ይሳሳታል።

በባሕር ዳር ጭቃ ላይ ስለሚበቅለው ዛፍ፣ ስለ ማንግሮቭ፣ የጻፍሽውን ክፍል ግን እንዳትነኪው። ጭቃው አየር ስለሚያጥረው ሥሩ ወደ ላይ ወጥቶ እንደሚተነፍስ፣ የአንዳንዱም ዘር ገና ከዛፉ ሳይወርድ እንደሚበቅል የጻፍሽው ግሩም ነው። የመርፌዋን ዓረፍተ ነገር አስተካክይና ለመምህርሽ ከመስጠትሽ በፊት ላኪልኝ።

አባትሽ