ነገ ጠዋት ፕላዛ ደ አርማስ እንገናኝ

ውድ የጉዞ ጓደኞች፣

እንደምን አመሻችሁ? ነገ የምንገናኘው በአሮጌዋ ሃቫና፣ ፕላዛ ደ አርማስ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንድረስ፤ አርፍደን ከሄድን ፀሐይዋ አትቻልም።

አደባባዩ ከከተማዋ አደባባዮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ስሙን ያገኘው የስፔን ወታደሮች ይሰለፉበት ስለነበር ነው። መካከል ላይ የቆመውን ነጭ ሐውልት ግን የስፔን ገዥ አድርጋችሁ እንዳታዩት፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ባሮቹን ነፃ አውጥቶ የኩባን የነፃነት ጦርነት የጀመረው ካርሎስ ማኑኤል ደ ሴስፔደስ ነው። ቀድሞ በዚያው ቦታ የቆመው የስፔኑ ንጉሥ ፈርናንዶ ሰባተኛ ነበር። እኔ በበኩሌ ይህን መተካካት እወድደዋለሁ።

የገዥዎቹ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ስትደርሱ ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። መንገዱ የተነጠፈው በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት ጉማጅ ነው። የሠረገላ ድምፅ የገዥውን እንቅልፍ እንዳያውክ ታስቦ ነው ይባላል።

ከማዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1828 የተሠራችው ቤተ መቅደስ መሰል ትንሽ ሕንፃ፣ ኤል ቴምፕሌቴ፣ አጠገብ፣ የሴይባ ዛፍ አለ። ዛፉ በተደጋጋሚ እየደረቀ ሌላ ተተክሎለታል፤ ልማዱ ግን አልደረቀም። በየዓመቱ በኅዳር፣ በከተማዋ ልደት ዋዜማ፣ ሰዎች ተሰልፈው ዛፉን ሦስት ጊዜ እየዞሩ ይመኛሉ። ስለት ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ ውኃም ያዙ። ዝርዝር ፔሶ ያላችሁም አትርሱ፤ ባለፈው ቡና ስንጠጣ መልስ አጥተን ተቸግረናል።