ለጥያቄሽ የዘገየ መልስ

እህት ዓለም፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼሽ አይደለም። መጨረሻ የጻፍሽልኝ ስለዚያ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ የቅልጥሙን አጥንት ኢንፌክሽን በልቶት፣ የተበላሸው ተጠርጎ ባዶ ቦታ ስለቀረበት። «አንቺ የምትሠሪበት ዱቄት እዚያ ቢሞላበት አይጎዳውም ወይ?» አልሽኝ። «አይጎዳውም» ብዬ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩና እጄ እንቢ አለኝ። በዚያው ሳምንት ዱቄቱ የነካውን ሴል ሁሉ ጨርሶብኝ ነበር።

ዱቄቱ ባዮግላስ ነው። ላሪ ሄንች በ1969 ፍሎሪዳ ውስጥ የሠራው፣ አጥንት ላይ የሚጣበቅ ብርጭቆ። ሐሳቡ የመጣለት ከቬትናም የተመለሰ አንድ የጦር መኮንን፣ ሰውነት የማይገፋው ነገር መሥራት አትችሉም ወይ ብሎ ስለጠየቀው ነው። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አንቺ ትዝ ትይኛለሽ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቀው ቁስለኛ አጠገብ የቆመ ሰው ነውና።

እኛ ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሴል እናስቀምሰዋለን። የእኔዎቹ የአይጥ ሴሎች ናቸው፣ ዘራቸው በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ከአንድ አይጥ ተወስዶ እስከ ዛሬ የሚራባ። ዱቄቱን በሴሎቹ ምግብ ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ እናሳድረውና ፈሳሹን ብቻ እንሰጣቸዋለን። በማግስቱ ቢጫ ማቅለሚያ ይጨመራል፤ በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወይን ጠጅ ያደርገዋል፣ የሞተው አይችልም። ምንም ካልነካቸው ጋር ሲተያዩ በሕይወት የተገኙት ከ70 በመቶ ከወረዱ ዱቄቱ እንደ መርዛም ይቆጠራል።

ያን ቀን ጠዋት ግን ማቅለሚያ አላስፈለገኝም። ሳህኗን ሴሎቹን በሙቀት ከምናቆይበት ሣጥን፣ ከኢንኩቤተር ሳወጣ ፈሳሹ ደማቅ ሮዝ ሆኗል። በማይክሮስኮፕ ሳያቸው፣ ማታ እግራቸውን ዘርግተው ከሥር ተጣብቀው የተውኳቸው ሴሎች እንደ ጤፍ ፍሬ ድቡልቡል ብለው ይንሳፈፋሉ። ደጋገምኩት፤ ያው ነው። ስንት ሌሊት እንዳለቀስኩ ለማን እነግራለሁ?

መልሱ ለካ ዓይኔ ሥር ነበር፣ ሮዙ ቀለም ውስጥ። ብርጭቆው ፈሳሽ ሲነካ ሶዲየሙን ይለቃል፣ ፈሳሹም እንደ አመድ ውሃ ይሆናል፤ ሮዙም ከዚያ የመጣ ነው። ሰውነት ውስጥ ደም እየተመላለሰ ያጥበዋል፤ በእኔ ሳህን ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ግን የሚያጥበው የለም። ዱቄቱን አስቀድሜ ዘፍዝፌ፣ ውሃውን እየለዋወጥኩ ብሞክረው ሴሎቹ ተረፉ፤ ከ70 በላይ ወጡ።

ደስ አለኝ፣ ግን ልቤ አላረፈም። ሐኪሙ ልጁ እግር ውስጥ የሚጨምረው ተዘፍዝፎ የታጠበውን ነው ወይስ ደረቁን? አጥቦ መፈተንና «ደህና ነው» ብሎ መፈረም ለእኔ ውሸት ነው። ስለዚህ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ጎን ለጎን ጻፍኩ። አንዳንዶች ሥራሽን ታበላሺዋለሽ አሉኝ፤ አልቀየርኩትም።

ደግሞ ስሚኝ፣ ይሄ ላንቺ ይጠቅማል። ሴሎቼን የጨረሰው ያው ጠባይ ባክቴሪያም አይምርም። ፊንላንድ የተሠራ ኤስ53ፒ4 የሚባል የባዮግላስ ዓይነት አለ፤ ሐኪሞች የተመረዘ አጥንት ከጠረጉ በኋላ ጉድጓዱን ይሞሉበታል። እንደ ልጁ ላለ ቁስል ማለት ነው። እኔ ግን እስካሁን የማውቀው ሳህን ላይ ያለ የአይጥ ሴል ነው፤ ከዚያ አልፌ «አይጎዳውም» አልልሽም።

ልጁ አሁን አሥር ዓመት ሞልቶታል መሰለኝ። ይራመዳል? ቅልጥሙ ገጠመለት? እባክሽ ሳትውይ ሳታድሪ ጻፊልኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ሁሌም ያንቺው